302 ቀንና 30 ቀን

ስለ አደጋ የተጻፈው ወረቀት የማን ነው?

ክረምት ሊገባ ሲል ሰው ሁሉ ጣራውን ይመለከታል። ቆርቆሮው ያፈሰሰ እንደ ሆነ ያስጠግናል፤ ቦዩ የተደፈነ እንደ ሆነ ያስጠርጋል። ይህ የአባወራና የእመወራ ሥራ ነው። ዳሩ ግን የአንድ ቤተ ሰብ ጉልበት የማይችለው አደጋም አለ። ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ እሳትና ድርቅ በአንድ ሰው ጥረት የሚመለሱ ስላልሆኑ፤ የእነዚህን ነገር የሚያጠና፣ የሚመዘግብና አስቀድሞ የሚከላከል መሥሪያ ቤት በየደረጃው ተቋቁሟል። መሥሪያ ቤቱም እንደ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ቁጥር ሰጥቶ በዶሴ ያኖራል። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። በዚያ ዶሴ ውስጥ ያለው ወረቀት የማን ነው? የጸሐፊው ነው? የሹሙ ነው? ወይስ አደጋው በቤቱ ላይ ያንዣበበበት ሰው?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ወደ ባምቢስ ወረድን።

ባምቢስ ላይ የሰማነው

ባምቢስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፤ ከካዛንቺስ ጋር ተያይዞ የሚገኝ ሠፈር ሲሆን፤ ስሙን ያገኘው የግሪክ ተወላጅ የሆነ ነጋዴ ካቋቋመው ሱፐርማርኬት ነው። የካዛንቺስም ስም እንዲሁ ከውጭ የመጣ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት «ካዛ ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፤ የአገራችን ሰው ለአፉ እንዲመች አድርጎ ካዛንቺስ አለው። ሠፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ስፍራ ሄደዋል። ስለዚህ አሁን የምናወጋችሁ ነገር የተፈጸመበት ቤት ዛሬ በቦታው የለም። ቤቱ ቢፈርስም እድሩ አልፈረሰምና፤ የቀድሞዎቹ ጎረቤታሞች በእድሩ ቀን እዚያው ባምቢስ ይገናኛሉ። እኛም ያገኘናቸው በእንዲህ ያለ ቀን፤ ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነው።

አንደኛዋ ወይዘሮ ዕድሜያቸው ወደ 50 የሚጠጋ፤ ሦስት ልጆች እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ያሳደጉ ናቸው። ሁለተኛው አዛውንት 78 ዓመት የሆናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመዝገብ ቤት ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ሁለቱም ስለ ጠየቁን፤ እኛም ቃላችንን ጠብቀን «ወይዘሮዋ» እና «መዝገብ ቤቱ» እያልን እንጠራቸዋለን።

የወይዘሮዋ ቤት ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ከጓሯቸው ሥር የቆየ የድጋፍ ግንብ ነበረ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ግንቡ እጅ የሚያስገባ ያህል ተሰነጠቀ። ክረምቱ እንደ ምንም አለፈ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች መጡ፤ በሜትር ለኩ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ በደብተራቸው ጻፉና ሄዱ።

«ምን ብለው እንደ ጻፉ ጠየቅኋቸው» አሉን ወይዘሮዋ። «ለውስጥ ሥራ ነው አሉኝ። የኔ ቤት ግንብ ነው የተሰነጠቀው፤ ልጆቼ ናቸው ከሥሩ የሚተኙት፤ ታዲያ ውስጥ ማለት ወዴት ነው?»

ከዚያ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቱ 4 ጊዜ ተመላለሱ። አንድ ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ወረቀቱ ለፊርማ ገብቷል ተባለ። አንድ ጊዜ ሌላ ክፍል ይጠይቁ ተባሉ። በአራተኛው ቀን ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያያቸው «ዛሬም የሉም እትዬ» አላቸው። አንባቢያችን ይህን ሲያነብ የራሱን ደጅ ጥናት ሳያስታውስ አይቀርም።

ወይዘሮዋ ተስፋ ቆርጠው ሳለ ነገሩን ለጎረቤታቸው ለመዝገብ ቤቱ ነገሯቸው። እሳቸውም የመለሱላቸው እንዲህ ሲሉ ነው፦

«ልጄ፤ አንቺ እስካሁን የጠየቅሽው በቃል ነው። በቃል የጠየቅሽው በቃል ይመለስልሻል። ቃል ደግሞ ቁጥር የለውም፤ ቀን የለውም፤ ማኅተም የለውም። እንጻፍ።»

«ጋሼ፤ እርስዎ ይጻፉት እንጂ እኔ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«የምትፈልጊውን ብለሽ ነዋ! ወረቀት ነው የምትፈልጊው፤ ወረቀቱን በስሙ ጥሪው።»

ማመልከቻው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። «ችግሬን እንድታዩልኝ» አይልም። «በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ባሉት ቤቶችና በድጋፍ ግንቡ ላይ በተደረገው የስጋት ጥናት የተጻፈው ሪፖርት፤ የስጋት ቦታዎች ዝርዝር፤ እንዲሁም ይህን ለሚመለከተው ክፍል ለማስተላለፍ የተጻፈ ደብዳቤ ቅጂ እንዲሰጠኝ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት እጠይቃለሁ» ይላል። በሁለት ቅጂ ተጽፎ የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ገቢ ሆነ። በአንደኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ተመትቶ ወይዘሮዋ ይዘውት ተመለሱ።

መልሱ የካቲት 29 ቀን፤ ማለት በ25ኛው ቀን ደረሳቸው። ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የስጋት ቦታዎች ዝርዝር አለ፤ የሌሎች ሰዎች የስልክ ቁጥር በቀለም ተሸፍኗል። በ7ኛው ተራ ላይ የእሳቸው ጓሮ ተመዝግቦ፤ ከጎኑ «ከፍተኛ ስጋት» የሚል ተጽፏል። በሁለተኛው ገጽ «ግንቡ ከመጪው ሰኔ በፊት እንዲጠገን፤ ለወረዳው ይመራ» ይላል። ለወረዳው የተመራበትን ደብዳቤ ግን መሥሪያ ቤቱ «በመዝገባችን አልተገኘም» ሲል መለሰ። ያልተገኘበትም ምክንያት ግልጽ ነበር። ደብዳቤው ጨርሶ አልተጻፈም ነበርና።

እንግዲህ ልብ በሉ። አደጋውን ያዩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ በትክክልም ጽፈዋል። ጥፋቱ ካለማየት የመጣ አይደለም። ወረቀቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሳይሻገር ቀረ፤ የቀረ መሆኑንም ማንም አላወቀም። ያወቁት ባለቤቷ በጠየቁ ጊዜ ነው። ወይዘሮዋ ወረቀቱን ይዘው ከ8 ጎረቤቶቻቸው ጋር ወደ ወረዳው ሄዱ፤ በግንቦት ወር በሽቦ የታሰረ ድንጋይ ከግንቡ ሥር ተደረደረ። የ2016 ክረምት በደኅና አለፈ። በዚያው ክረምት፤ ሐምሌ 15 ቀን፤ በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፤ የመጀመሪያዎቹን ለማዳን የሮጡትም አብረው በአፈር ሲዋጡ፤ ወይዘሮዋ ወሬውን በሬዲዮ ሰምተው ሌሊቱን ሳይተኙ እንዳደሩ ነገሩን።

ስለ 302 ቀን

ይህ የባምቢስ ነገር ትንሽ ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አንድ ግንብ፤ ዘጠኝ ቤት፤ ሁለት ገጽ ወረቀት። ሆኖም በአገራችን ታሪክ ከዚህ ያልበለጠ ወረቀት ባለመንቀሳቀሱ የጠፋውን ሕይወት ስናስብ ነገሩ ትንሽ መሆኑ ይቀራል።

ስለ ረኃብ ብዙ የደከሙት ሟቹ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ስለ ደረሰው ረኃብ ባጠኑት ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር መዝግበዋል። በ1958 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት በወረኢሉ ረኃብ መግባቱን የአካባቢው ፖሊስ ጽፎ ነበር። ያ ወሬ ከታች ተነሥቶ፤ በአገር ግዛት ሚኒስቴር በኩል አልፎ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ከደረሰም በኋላ የታዘዘው እህል እንዲላክ ሳይሆን፤ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲቀርብ ነበር። 302 ቀን ማለት አሥር ወር ነው። በአሥር ወር ውስጥ ገበሬ ያርሳል፤ ይዘራል፤ ያርማል፤ ያጭዳል። ረኃብ ደግሞ በአሥር ወር ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል።

ከዚህ ትምህርት የተወሰደ አይመስልም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ እንደ ገና ተራበ። የመኸሩ መበላሸት አስቀድሞ በመንግሥት ሪፖርት ቢገለጽም ነገሩ ታፍኖ ቆየ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም ሰማ። የሞተው ሕዝብ ቁጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለመንግሥትም ነው።

በዚያ ረኃብ ምክንያት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለአደጋ መጋለጡን ለረጂዎች አስታወቀ። ወረቀቱ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ለማክበር ይዘጋጅ ስለ ነበር፤ ረጂዎችም በየምክንያቱ ያመነቱ ስለ ነበር፤ የአገሬው ሰው የአገሩን ረኃብ በሚገባ ሳይሰማ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተነሣው ፊልም እንደ ገና ከውጭ ዞሮ መጣ። ሁለት ጊዜ ስለ ራሳችን ቤት ወሬ ከጎረቤት ሰማን። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ እንዲከናወን፤ በ29ኛው አንቀጽ ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል እንዲኖር ይደነግጋል። ይህን በዝርዝር የሚያስፈጽመው አዋጅ ቁጥር 590/2000 በኅዳር 2001 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። በኋላ ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚናገረው ክፍሉ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሲተካ፤ ስለ መረጃ ነፃነት የሚናገረው ክፍል ግን በዚህ አልተሻረም።

የአዋጁ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ የሚገኝን መረጃ የመጠየቅ፣ የማግኘትና ለሌላ የማስተላለፍ መብት አለው። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። ኃላፊውም በተቻለ ፍጥነት፤ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የከለከለ እንደ ሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል። ጠያቂው ቅር ከተሰኘ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፤ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፤ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ሊል ይችላል።

የማይሰጥ መረጃም አለ። የግለሰብ ምሥጢር፣ የንግድ ምሥጢር፣ የአገር መከላከያና ጸጥታ፣ በምርመራ ላይ ያለ የወንጀል ጉዳይ፣ የካቢኔ ሰነድና እነዚህን የመሳሰሉት ተለይተው ተቀምጠዋል። በወይዘሮዋ ወረቀት ላይ የጎረቤቶች ስልክ የተሸፈነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አዋጁ አንድ ትልቅ ሚዛን አስቀምጧል። መረጃውን በመከልከል በሕዝብ ጥቅም ላይ የሚደርሰው ጉዳት በመስጠት ከሚደርሰው ጉዳት የሚበልጥ ከሆነ፤ መረጃው ይሰጣል። ሰው ሊሞትበት የሚችል ግንብ በዚህ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ወዴት እንደሚያጋድል ለመገመት ዳኛ መሆን አያስፈልግም።

እንግዲህ 302 ቀንና 30 ቀን አነጻጽሩ። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። በ302ቱ ቀን ወረቀቱ ይጓዝ የነበረው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ከሹም ወደ ሹም። በ30ው ቀን ወረቀቱ ወደ ታችም፤ ወደ ባለቤቱ መጓዝ ይችላል።

የሕንድ ሠራተኞች ምሳሌ

ይህን መብት ያወጣው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1766፤ አሜሪካ በ1966 እንዲህ ያለ ሕግ አውጥተዋል። ለእኛ ግን የሚቀርበን የሕንድ ምሳሌ ነው። በራጃስታን ግዛት ድርቅ ሲደጋገም መንግሥት ችግረኛውን በመንገድና በኩሬ ሥራ እያሠራ የቀን ደመወዝ ይከፍል ነበር። ሠራተኞቹ ግን የተወሰነላቸውን ያህል አይከፈላቸውም። ለምን ሲሉ «መዝገቡ እንደዚህ ይላል» ይባላሉ፤ መዝገቡን አሳዩን ሲሉ ደግሞ «የመንግሥት ምሥጢር ነው» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራተኞችና የገበሬዎች ኃይል የሚል ትርጉም ያለው ስም ያወጣ ማኅበር መሠረቱ። መዝገቡን በሕዝብ ፊት ባስነበቡ ጊዜ የሞተ ሰው ደመወዝ ሲቀበል፤ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ሲባል ተገኘ። በ1996 ቤያዋር በምትባል ከተማ 40 ቀን አደባባይ ተቀመጡ። ግዛቱ በ2000፤ አገሪቱ በሙሉ በ2005 የመረጃ ሕግ አወጡ። ይህ ሁሉ የመጣው ማንበብ እንኳ የማይችሉ ብዙ ሠራተኞች የአደጋ ጊዜ መዝገብ እንዲነበብላቸው በመጠየቃቸው ነው።

በእኛም አገር በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ከታለመለት ሰው ውጭ ሄዷል ተብሎ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሥርጭቱን ለወራት ባቆሙ ጊዜ፤ የተጎዳው ያው ችግረኛው ነበር። የተረጂዎች ቁጥርና የተሠራጨው እህል ልክ በየቀበሌው በግልጽ የሚነበብ ቢሆን ኖሮ፤ ሌባውን አስቀድሞ የሚያውቀው የቀበሌው ሰው ራሱ በሆነ ነበር። እህሉ አለመድረሱን ከእናትየው ይልቅ የሚያውቅ ማን አለ?

እንዴት ይጠየቃል?

መዝገብ ቤቱን «ለአንባቢዎቻችን ምክር ይስጡልን» ብለን ጠየቅናቸው። ሻያቸውን ፉት አሉና የነገሩን ይህ ነው።

አንደኛ፤ ችግር ሳይሆን ሰነድ ይጠየቅ። ለችግር የሚሰጠው መልስ «እናየዋለን» ነው፤ ለሰነድ የሚሰጠው መልስ ግን አለ ወይም የለም ነው። የአደጋ ሥራ ብዙ ዓይነት ሰነድ አለው፤ የቅድመ ማስጠንቀቂያ መግለጫ፣ የበልግና የመኸር ዳሰሳ፣ የወረዳ የአደጋ ስጋት መግለጫ፣ የመጋዘን ክምችትና የሥርጭት መዝገብ፣ የእሳት አደጋ ሪፖርት፣ የመጠባበቂያ ዕቅድ።

ሁለተኛ፤ ቀኑና ቦታው ይጠቀስ። «ስለ ጎርፍ ያላችሁን ሁሉ» ያለ ሰው ምንም አያገኝም፤ ወይም ከሚያነበው በላይ ይሸከማል።

ሦስተኛ፤ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንደኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይመታ። 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

አራተኛ፤ ትሕትና አይጉደል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የያዘው ሰው አይደለም፤ እሱም ከሌላ ክፍል የሚለምን ነው። ማመልከቻው ለእሱም መለመኛ ይሆነዋል።

አምስተኛ፤ የለም የተባለ እንደ ሆነ «የለም» የሚለው በጽሑፍ ይጠየቅ። «የለም የሚለው ወረቀት ራሱ ትልቅ ወረቀት ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። በባምቢስ ጉዳይ ግንቡን ያስጠገነው «አልተገኘም» የሚለው ቃል ነበር፤ ወረዳው «አልደረሰኝም» ሲል የላኪው መሥሪያ ቤት ጉድለት ተገለጠና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የአደጋው መሥሪያ ቤት ስም በየጊዜው ተለዋውጧል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የነበረው በኋላ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን፣ ከዚያም ኤጀንሲ ሆነ፤ ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር ገብቶ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተባለ። በአዲስ አበባም የእሳትና የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት ለብቻው አለ። ሰሌዳው በተለወጠ ቁጥር ዶሴው የት ገባ? የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲያነሣ አቧራውን አራግፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በርክክብ ነው ወይስ በጆንያ ጠቅልሎ? በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የተቋቋመው፤ በ1991 ዓ.ም. ስለ ቤተ መዛግብት አዋጅ ቁጥር 179 የወጣውም ለዚህ ነው። ያልተጠበቀ ወረቀት ቢጠየቅ አይገኝም፤ ሕጉም ባዶ ካዝና የሚከፍት ቁልፍ ይሆናል። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው እውነት የሚሆነው የተጻፈው በቦታው ሲገኝ ነው።

የሹሞቹ ስጋት

የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ስለማይገባ፤ በዚህ ሥራ ላይ የነበሩ አንድ ባለሥልጣንን አነጋግረን ነበር። «የስጋት ዝርዝር ይፋ ቢሆን ሕዝቡ ይደናገጣል፤ የቤቱም ዋጋ ይወድቃል፤ ነገ ተነሡ ተባልን ብሎ የሚያለቅስም አለ» አሉን። ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። በተለይ ቤቱ እንዳይፈርስበት የሚሰጋ ሰው «የስጋት ቀጠና» የሚለውን ቃል ሲሰማ ከጎርፉ ይልቅ ደብዳቤውን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ዳሩ ግን ድንጋጤ የሚመጣው ከማወቅ ነው ወይስ ካለማወቅ? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱ ጊዜ፤ ከክምሩ ሥር ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ስለ ክምሩ ጥናት አንብበው የተደናገጡ አልነበሩም። ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ታቅዶ፤ የዚያ አገር ገበሬዎች በመቃወማቸው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ተመልሶ ወደ ቆሼ መምጣቱን ብዙ ሰው ያውቃል። ይህ ሲሆን በክምሩ ጥግ ለሚኖሩት የተነገራቸው ነገር ምን ነበር? ጥያቄው ዛሬም የሚጠየቅ ነው፤ የጠየቀም ሰው ወረቀት ሊያገኝ ይገባዋል። በድሬዳዋም በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲወስድ፤ ያለቁት በእንቅልፍ ላይ የነበሩ ናቸው። የተኛን ሰው መቀስቀስ ማስደንገጥ አይባልም።

ስለ ቤት ዋጋና ስለ መነሣት የሚነሣው ስጋት ደግሞ መፍትሔው ወረቀቱን መደበቅ ሳይሆን ሙሉውን ማሳየት ነው። ስጋቱ ምን እንደ ሆነ፣ በግንብ የሚድን ነው ወይስ መነሣት ግድ ይሆናል፣ መነሣት ካለም ወዴትና በምን ካሣ እንደ ሆነ ከተጻፈና ከታየ፤ ነዋሪው ከወሬ ይልቅ ከወረቀት ጋር ይነጋገራል።

ማጠቃለያ

ከሻይ ቤቱ ከመነሣታችን በፊት ወይዘሮዋ ከቦርሳቸው አንድ የላስቲክ ከረጢት አወጡ። ሁለቱ ገጾች በውስጡ አሉ፤ ጫፋቸው ታጥፏል፤ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ቤቱ ፈርሶ፤ ግንቡ ተነሥቶ ሳለ ወረቀቱን ለምን እንደ ያዙት ጠየቅናቸው።

«አሁን ያለሁበት ቤት አዲስ ነው» አሉ። «ከበስተጀርባው ቦይ አለ። ክረምት ሲመጣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አላወቅሁም። እንዴት እንደሚጠየቅ እንዳልረሳ ነው የያዝኩት።»

መዝገብ ቤቱም ሳቅ ብለው፤ «በሁለት ቅጂ ነው ልጄ፤ በሁለት ቅጂ» አሏቸው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉን የሚቆርጠው ግን ጭሱ በማን በኩል እንዳለ የተነገረው ሰው ነው። ባለሥልጣኖቻችን ወረቀቱን ሳይጠየቁ ቢያወጡት እጅግ ያማረ ይሆናል፤ አዋጁም ይህንኑ ግዴታ ጥሎባቸዋል። እስከዚያው ግን ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ ከጓሯችሁ ያለውን ግንብ፣ ከደጃችሁ ያለውን ቦይ ተመልከቱ። ለክቶ የጻፈ ሰው ካለ፤ የጻፈውን በትሕትና፣ በቀንና በቁጥር ጠይቁ። ሠላሳ ቀን ረዥም አይደለም፤ 302 ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም ከወረኢሉ ሰምተናል።